ሥጋ ደዌን ከዘር ሐረግ የለዩት ሐኪም፦ ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ዘነበወርቅ የሚባል ሰፈር አለ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በ1930ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያኑ የዘመን ቀመር ናቸው) ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ከተሠራውና በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመው ሆስፒታል ነው። በ1965 በዚያው ሥፍራ አለርት የተባለው የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምና፣ ተሐድሶና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከሌሎችም አካባቢዎች ፈውስ ፍለጋ የመጡ ብዙ ሕሙማን ወደ ትውልድ ቀያቸው ሳይመለሱ በዚሁ ሰፈር ጎጆ ቀልሰው፣ ልጅ ወልደው፣ ወግ አይተው ኖረዋል።

በአለርት ግቢ ውስጥ በ1970 የተመሠረተ አንድ የምርምር ተቋም ይገኛል። ከዩኒቨርሲቲ የመጡ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች የሚመራመሩበት፣ የሥጋ ደዌና የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስያን የሚጠኑበት ቤት ነው። በበሩ ላይ የተጻፈው ስም የአንድ ኖርዌያዊ ሐኪም ነው፤ አርማወር ሐንሰን። እኚህ ሰው ኢትዮጵያን ሳያዩ ከመቶ ዓመት በፊት ያለፉ ናቸው። ይሁን እንጂ የሠሩት ሥራ በዘነበወርቅ ለሚኖሩ ቤተሰቦችም ሆነ በገጠር ቀበሌ ለሚኖረው አርሶ አደር የቀረበ ነው።

በሀገራችን ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ትውልድ ይቆጥራሉ። ከሚጠየቁት ጉዳዮች አንዱ በአያት በቅድመ አያት ዘንድ ሥጋ ደዌ የነካው ሰው ኖሮ እንደሆነ ነበር። አንድ ሰው ብቻ ከተገኘ ጤነኛዋ ልጅ ሳትታጭ፣ ጤነኛው ወጣት ሚስት ሳያገኝ ይቀራል። በሽታው በደም የሚወርድ፣ በዘር የሚተላለፍ ወይም የእርግማን ውጤት ነው ተብሎ ይታመን ነበርና። ይህ እምነት የኢትዮጵያውያን ብቻ አልነበረም። ሐንሰን ሥራቸውን ሲጀምሩ በአውሮፓ የታወቁት ሊቃውንት ሳይቀሩ በሽታው ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርስ ነው ይሉ ነበር።

ጌርሃርድ ሄንሪክ አርማወር ሐንሰን ሐምሌ 29 ቀን 1841 በኖርዌይ ምዕራባዊ ጠረፍ በምትገኘው በበርገን ከተማ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ከ15 ልጆች ስምንተኛው ነበሩ። አባታቸው ነጋዴ ቢሆኑም ንግዳቸው ከስሮ ቤተሰቡ ተቸግሮ ነበር። በዚህም ምክንያት ወጣቱ ሐንሰን በዛሬዋ ኦስሎ፣ በያኔዋ ክርስቲያንያ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ሲያጠኑ የትምህርት ወጪያቸውን በማስተማር ሥራ ይደጉሙ ነበር። በ1866 በሕክምና ተመርቀው በዋና ከተማዋ ሆስፒታል ከሠሩ በኋላ በሰሜን ኖርዌይ በሎፎተን ደሴቶች የዓሣ አጥማጆች ሐኪም ሆኑ።

በ1868 ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመልሰው በሥጋ ደዌ ሆስፒታል ተቀጠሩ። በርገን በዚያ ዘመን በሥጋ ደዌ ምርምር የዓለም መናኸሪያ ነበረች። የኖርዌይ ምዕራባዊ ጠረፍ ድሃ አርሶ አደሮችና ዓሣ አጥማጆች በበሽታው ክፉኛ ተጠቅተው ነበር። መንግሥት በ1856 የሕሙማኑን ስም፣ ቀዬና ቤተሰብ የሚያሰፍር ሀገር አቀፍ መዝገብ አቋቁሞ ነበር፤ መዝገቡም በዓለም የመጀመሪያው ሀገር አቀፍ የበሽታ መዝገብ እንደሆነ ይነገርለታል። ከሁለት ሺህ በላይ ሕሙማንም ተመዝግበውበት ነበር።

የሐንሰን አለቃ ዳንኤል ኮርኔሊየስ ዳንየልሰን በዘመኑ ስለ በሽታው ከሁሉ በላይ ያውቃሉ የሚባሉ ሰው ነበሩ። በ1847 ከባልደረባቸው ጋር ያሳተሙት መጽሐፍ የሥጋ ደዌ ሳይንስ መሠረት ተደርጎ ይቆጠራል። ዳንየልሰን በሽታው በዘር ይወርሳል የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው። እምነታቸውንም ለመፈተን ከሕሙማን ቁስል የተወሰደ ናሙና በገዛ ሰውነታቸው ላይ ደጋግመው አስገብተው ነበር፤ ነገር ግን አልታመሙም። ይህም ተላላፊ አይደለም የሚለውን አቋማቸውን አጠናከረው። ዛሬ እንደሚታወቀው ግን አብዛኛው ሰው ለዚህ ተሕዋስ ተፈጥሯዊ የመቋቋም አቅም ስላለው አለመታመማቸው አያስገርምም።

ሐንሰን የአለቃቸውን ሐሳብ እንዳለ አልተቀበሉም። በበጋ ወራት ወደ ገጠር እየወጡ ከቤት ወደ ቤት፣ ከመንደር ወደ መንደር እየዞሩ ማን መቼ እንደታመመ፣ ከማን ጋር ይኖር እንደነበር ይጠይቁ ጀመር። ያገኙት መረጃ ከዘር ቆጠራው ጋር አልገጥም አላቸው። በሽታው ከዝምድና ይልቅ አብሮ መኖርን ሲከተል አዩት። በአንድ ቤት ያደሩ፣ በአንድ አልጋ የተኙ ሰዎች ዘመድ ባይሆኑም ይታመማሉ። ዘመድ ሆነው ርቀው የሚኖሩ ግን ጤነኛ ሆነው ይቀራሉ። ይህ ከሆነ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር አንድ ነገር አለ ማለት ነው ብለው አሰቡ።

ያንን ነገር በዓይን ማየት ያስፈልግ ነበር። በ1870 እና በ1871 ወደ ጀርመንና ወደ ኦስትሪያ ተጉዘው የማይክሮስኮፕ ሙያቸውን አዳበሩ። ተመልሰውም ከሕሙማን የቆዳ እባጭ ላይ ናሙና እየወሰዱ መመርመሩን ቀጠሉ። የካቲት 28 ቀን 1873 ከአንድ ታማሚ በተወሰደ ናሙና ውስጥ ቀጫጭን የበትር ቅርጽ ያላቸው ነገሮች ተመለከቱ። በሌሎች ሕሙማን ናሙናዎችም ተመሳሳዩን አገኙ። በ1874 ግኝታቸውን በጽሑፍ አወጡ። የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ ገና አልታወቀም ነበር፤ ሮበርት ኮህ ያንን ይፋ ያደረጉት በ1882 ነው። ስለዚህ የሥጋ ደዌ ተሕዋስ በሰው ላይ ሥር የሰደደ በሽታ እንደሚያመጡ ከተጠረጠሩት ባክቴሪያዎች ቀዳሚው ሆነ።

ያ ዓመት ለሐንሰን የደስታ ብቻ አልነበረም። በ1873 መጀመሪያ የአለቃቸውን የዳንየልሰንን ልጅ አግብተው ነበር። ሙሽራዋ ግን ዓመቱ ሳይሞላ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ባለቤታቸውን የነጠቃቸው ተሕዋስና በማይክሮስኮፕ ያዩት ተሕዋስ የአንድ ወገን ዝርያ መሆናቸው የታወቀው ከጊዜ በኋላ ነው። ሐንሰን በ1875 ዳግም አግብተው አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ፤ ልጃቸውም እንደ አባቱ ሐኪም ሆነ። በዚያው ዓመት ሐንሰን የኖርዌይ የሥጋ ደዌ ጉዳይ ዋና ሐኪም ሆነው ተሾሙ።

ግኝቱ ግን በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም። ተሕዋሱን ማየት አንድ ነገር ነው፤ በሽታውን የሚያመጣው እርሱ መሆኑን ማስረዳት ሌላ ነው። ለማስረዳት ተሕዋሱን ከሰውነት ውጭ ማራባት፣ ከዚያም ወደ ጤነኛ እንስሳ አስገብቶ በሽታው ሲወጣ ማየት ይጠይቃል። ሐንሰን ደጋግመው ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። በ1879 ወደ በርገን የመጣ አልበርት ናይሰር የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ከሐንሰን ናሙና ተቀብሎ ሄደ። በሀገሩም ተሕዋሱን በቀለም ነክሮ ጥርት አድርጎ በማየቱ የግኝቱን ክብር ለራሱ አደረገ። በሁለቱ መካከል ክርክር ተነሣ። በመጨረሻ ቅድሚያው የሐንሰን መሆኑ ታወቀ።

በዚሁ ዓመት ሐንሰን በሕይወታቸው ትልቁን ስሕተት ሠሩ። ማስረጃ የማግኘት ጉጉት አሸንፏቸው በኅዳር ወር በሆስፒታሉ የምትታከም አንዲትን ሴት፣ ሳያስረዷትና ፈቃዷን ሳይጠይቁ፣ ከሌላ ታማሚ እባጭ በተወሰደ ነገር የተነከረ መሣሪያ ዓይኗ ላይ ወጉ። ሴትየዋ ከሥጋ ደዌ ዓይነቶች አንዱ ነበረባት፤ ሐንሰን ሌላኛው ዓይነት ይወጣባት እንደሆነ ለማየት ነበር የፈለጉት። አዲስ ሕመም አልወጣባትም፤ ሕመምና ድንጋጤ ግን ደርሶባታል። ዝም አላለችም፤ አቤቱታዋ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1880 ፍርድ ቤቱ ሐንሰንን ጥፋተኛ ብሎ ከሆስፒታሉ ሐኪምነት እንዲሻሩ ወሰነ። ሐንሰንም ፈቃድ አለመጠየቃቸውን አልካዱም። የሀገሪቱ የሥጋ ደዌ ጉዳይ ዋና ሐኪምነታቸው ግን አልተነካም።

አቅም የሌላት፣ በበሽታዋ ምክንያት ከኅብረተሰቡ የተገለለች ሴት ታዋቂውን ሐኪም ከስሳ ማሸነፏ በሕክምና ሥነ ምግባር ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ ይነሣል። ዛሬ በየትኛውም የምርምር ተቋም ከሰው አንዲት ጠብታ ደም ከመወሰዱ በፊት ሰውየው በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት መፍቀዱ ግዴታ ነው። የሐንሰንን ስም የያዘው የኮልፌው ተቋምም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

ሐንሰን በሽታውን ለመከላከልም ትኩረት ሰጥተው ነበር። በኖርዌይ ገጠር ድሃ ሕሙማን በየተራ ከአንዱ ገበሬ ቤት ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ የሚጦሩበት ልማድ ነበር። ሐንሰን ይህ ልማድ በሽታውን ከቤት ወደ ቤት እንደሚያዳርስ ተገነዘቡ። በእርሳቸው ግፊት በ1877 እና በ1885 በወጡት ሕጎች ልማዱ ቀረ፤ ታማሚውም በቤቱ የተለየ ክፍልና የተለየ መኝታ እንዲኖረው፣ ይህ ካልተቻለ ወደ ሆስፒታል እንዲገባ ተደረገ። መድኃኒት ባልነበረበት በዚያ ዘመን የሕሙማኑ ቁጥር እየቀነሰ ሄደ። ለዚህ የሕዝቡ ኑሮ መሻሻልም ድርሻ እንደነበረው የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ። ሕጉ ሰዎችን ከቤተሰባቸው የነጠለ በመሆኑም ያስከተለው ሐዘን ቀላል አልነበረም።

የዘር ጥያቄውን ለመጨረሻ ጊዜ ለመመለስ ሐንሰን በ1888 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በሚኒሶታ፣ በዊስኮንሲንና በዳኮታ የሰፈሩ፣ ሥጋ ደዌ ይዟቸው ከኖርዌይ የሄዱ ስደተኞች ነበሩ። ሐንሰን የእነዚህን ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ፈልገው መረመሩ። በሽታው በደም የሚወርድ ቢሆን ልጆቹ በታመሙ ነበር፤ ነገር ግን የታመመ አላገኙም። ሽማግሌዎች በትውልድ ቆጠራ ሲፈልጉት የኖሩትን ነገር እርሳቸው ውቅያኖስ ተሻግረው ፈልገው አጡት።

በ1897 በበርሊን የተካሄደው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሥጋ ደዌ ጉባኤ በሽታው ተላላፊ መሆኑን ተቀበለ። ሁለተኛው ጉባኤ በ1909 በበርገን ሲካሄድ ፕሬዚዳንቱ ሐንሰን ነበሩ። ሐንሰን የካቲት 12 ቀን 1912 ለሥራ በወጡበት በፍሎሮ ከተማ በ70 ዓመታቸው አረፉ። እስከ ዕለተ ሞታቸው ያንን ተሕዋስ በቤተ ሙከራ ማራባት አልቻሉም።

ያልቻሉት በችሎታ ማነስ አልነበረም። እስከ ዛሬም ድረስ የሥጋ ደዌን ተሕዋስ በሰው ሠራሽ ምግብ ላይ ያራባ የለም። ብዙ ባክቴሪያዎች በደቂቃዎች ውስጥ ሲከፈሉ ይህ ግን አንድ ጊዜ ለመከፈል ሁለት ሳምንት ያህል ይወስድበታል። ተመራማሪዎች በ1960 በአይጥ መዳፍ፣ በ1971 ደግሞ አርማዲሎ በተባለ ቅርፊት የለበሰ የአሜሪካ እንስሳ ውስጥ ማሳደግ ቻሉ። ዋናው መንገድ የተከፈተው ግን ከሌላ አቅጣጫ ነበር፤ ከኑክሊክ አሲድ ጥናት።

የዚህ ጥናት መነሻ ከሐንሰን ዘመን ጋር ይገጥማል። ሐንሰን በርገን ውስጥ ሥራ በጀመሩ በዓመቱ፣ በ1869፣ ፍሪድሪክ ሚሸር የተባሉ ስዊዘርላንዳዊ ተመራማሪ በጀርመን ሀገር ከሆስፒታል የተጣሉ የቁስል መጠቅለያዎችን ሰብስበው ከመግሉ ሕዋሳት እምብርት ፎስፈረስ ያለበት አዲስ ንጥረ ነገር ለዩ። ኑክሊን አሉት። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የባዮኬሚስትሪ ተማሪ ዲኤንኤ ብሎ የሚያጠናው እርሱን ነው። በ1944 ኦስዋልድ ኤቨሪና ባልደረቦቻቸው የዘር መልእክት ተሸካሚው ይኸው ንጥረ ነገር መሆኑን አሳዩ። በ1953 ደግሞ በሮዛሊንድ ፍራንክሊን የኤክስሬይ ምስል በመታገዝ ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ እንደ ገመድ የተጠማዘዘውን ጥንድ ቅርጹን ገለጹ።

ዲኤንኤ በአራት ፊደላት እንደተጻፈ መጽሐፍ ነው። ፊደላቱ አዴኒን፣ ታይሚን፣ ጉዋኒንና ሳይቶሲን ይባላሉ። አዴኒን ከታይሚን፣ ጉዋኒን ከሳይቶሲን ጋር ብቻ ይጣመራሉ። ስለዚህ አንዱ ገመድ ከታወቀ ሌላውን መጻፍ ይቻላል። ሕዋሱ ሥራ ሲሠራ ከዲኤንኤው ላይ የሚያስፈልገውን ክፍል ወደ አርኤንኤ ይገለብጣል፤ ከአርኤንኤውም ፕሮቲን ይሠራል።

በ2001 የሥጋ ደዌ ተሕዋስ ሙሉ የዲኤንኤ ጽሑፍ ተነቦ ታተመ። ከ3 ነጥብ 2 ሚሊዮን በላይ ጥንድ ፊደላት አሉት። የሳንባ ነቀርሳው ተሕዋስ 4 ነጥብ 4 ሚሊዮን ያህል አለው። የሚያስደንቀው ግን ርዝመቱ አይደለም። ፕሮቲን የሚያሠሩት ዘረመሎች 1 ሺህ 600 ገደማ ብቻ ሲሆኑ ከ1 ሺህ 100 የሚበልጡት ተበላሽተው ሥራ ያቆሙ ናቸው። ተሕዋሱ በሰው ሕዋስ ውስጥ ተጠግቶ ሲኖር ራሱን ችሎ የሚኖርበትን መሣሪያ አጥቷል። ሐንሰን ለአርባ ዓመታት ያህል ያላገኙት ምክንያት በዚህ ተገለጸ፤ ተሕዋሱ ከሰውነት ውጭ ለመኖር የሚያስችለው ብዙው ነገር ጠፍቶበታል።

ይህ ዕውቀት ለሕክምናም ይውላል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሥጋ ደዌ ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶን በተባሉ መድኃኒቶች ጥምረት ይታከማል። ከእነዚህ ብርቱው ሪፋምፒሲን የሚሠራው የተሕዋሱን ዲኤንኤ ወደ አርኤንኤ የሚገለብጠውን ኢንዛይም በመያዝ ነው። ግልበጣው ሲቆም ተሕዋሱ ፕሮቲን መሥራት አቅቶት ይሞታል። ኢንዛይሙን በሚያሠራው ዘረመል ላይ አንዲት ፊደል እንኳ ብትለወጥ መድኃኒቱ ላይይዘው ይችላል። ተሕዋሱን አራብቶ መድኃኒት መሞከር ስለማይቻል ይህን ለውጥ ለማወቅ የሚቀለው መንገድ ፊደሉን ማንበብ ነው።

ለዚህ ተመራማሪው ከታማሚው ፈቃድ ከተወሰደ ትንሽ የቆዳ ናሙና ዲኤንኤ ይለያል። ፒሲአር በተባለው ዘዴ ናሙናውን ወደ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሞቀዋል፤ ጥንዱ ገመድ ይላቀቃል። ሲያቀዘቅዘው አጫጭር መነሻ ቅንጣቶች በተፈለገው ቦታ ላይ ይገጥማሉ፤ ኢንዛይሙም ከዚያ እየቀጠለ ይገለብጣል። በእያንዳንዱ ዙር እጥፍ ስለሚሆን ከ30 ዙር በኋላ አንዱ ቅጂ ወደ ቢሊዮን ይጠጋል። ሐንሰን በማይክሮስኮፕ ሲፈልጉት የዋሉትን ተሕዋስ ተማሪው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በጽሑፉ ይለየዋል።

ዲኤንኤ የዘር ነገር ነው። ሽማግሌዎቹም ዘር ይቆጥሩ ነበር። ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው። በቤተ ሙከራው የሚነበበው የበሽታው ጽሑፍ የተሕዋሱ ዘር እንጂ የታማሚው ቤተሰብ ዘር አይደለም። ሰዎች ለተሕዋሱ ያላቸው የመቋቋም አቅም ሊለያይ ይችላል፤ በሽታው ግን ከወላጅ ወደ ልጅ በደም አይወርድም። ብዙ ጊዜ የሚተላለፈው ሕክምና ካልጀመረ ታማሚ ጋር ለረጅም ጊዜ ተቀራርቦ በመኖር፣ በትንፋሽ አማካይነት እንደሆነ ባለሙያዎች ይገልጻሉ። መድኃኒቱን የጀመረ ሰው በአጭር ጊዜ ውስጥ ማስተላለፉን ያቆማል። ሐንሰን በማስገደድ የለዩት ታማሚ ዛሬ ከቤተሰቡ ሳይለይ በቤቱ ሆኖ ይድናል።

በሽታው ከኢትዮጵያ ገና አልጠፋም፤ በየዓመቱ አዳዲስ ሕሙማን ይመዘገባሉ። ከተያዙ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ በአማካይ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ጊዜ ቀለሙ የነጣ ወይም የቀላ፣ ሲነኩት ስሜት የማይሰጥ የቆዳ ምልክት ነው። አያሳክክም፤ አያምምም። አርሶ አደሩ ችላ የሚለውም ስለማያምመው ነው። ሕክምናው ነፃ ሲሆን እንደ ሕመሙ ዓይነት ስድስት ወይም ዐሥራ ሁለት ወር ይወስዳል። ነርቭ ከመጎዳቱ በፊት የጀመረ ሰው ጣቱም፣ እግሩም፣ ዓይኑም ሳይጎዳ ይድናል፤ የዘገየ ግን ተሕዋሱ ቢጠፋለትም የአካል ጉዳቱ አብሮት ይቀራል።

በዘነበወርቅ ዛሬ የቀድሞ ሕሙማን ልጆችና የልጅ ልጆች ይኖራሉ። ተምረዋል፤ ነግደዋል፤ ተጋብተዋል፤ ወልደዋል። ሐንሰን በ1888 በአሜሪካ ሜዳዎች ሲፈልጓቸው እንደነበሩት ልጆች እነርሱም ጤነኞች ናቸው። በመንደራቸው ውስጥ የቆመው ተቋም የያዘው ስም፣ ዘራቸው ንጹሕ መሆኑን ሌሎች ሳያምኑ አስቀድሞ የመሰከረ ሰው ስም ነው።